ጣምራ ክፍያ ወይስ ልዩ ካሳ? ለአሜሪካ ጦር ጡረተኞች የንጽጽር መመሪያ

የጡረታ ክፍያ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «የቪኤ ተቀናሽ» ይላል፤ አጠገቡ 774 ዶላር ከ16 ሳንቲም ተጽፏል። «ወንድም ዓለም፣ ይህ ገንዘብ በየወሩ የት ይገባል?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ኢራቅ የዘመተ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎ በክብር የተሰናበተ የሀገሬ ልጅ ነው። ገንዘቡን የሰረቀው የለም። የቀነሰው ሕግ ነው። ያው ሕግ ግን የተቀነሰው ገንዘብ የሚመለስባቸውን ሁለት በሮች ከፍቷል። አንደኛው በር ለእርሱ ዝግ ነበር። ሁለተኛው ክፍት ሆኖ ሳለ አራት ዓመት ሙሉ አላንኳኳውም።

ይህን የምጽፈው ለእርሱና እርሱን ለመሰሉ ወገኖቼ ነው፤ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በቴክሳስ፣ በላስ ቬጋስና በሲያትል የአሜሪካን መለዮ ለብሰው አገልግለው ጡረታ ለወጡ ሁሉ። ሁለቱ ክፍያዎች በእንግሊዝኛ ምኅጻራቸው ሲአርዲፒ እና ሲአርኤስሲ ይባላሉ። ስማቸው መመሳሰሉ ብዙ ሰው ስላሳሳተ፣ እዚህ የመጀመሪያውን «ጣምራ ክፍያ»፣ ሁለተኛውን «ልዩ ካሳ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የቪኤ የክፍያ መጠኖቹም በ2025 ላላገባና ጥገኛ ለሌለው ሰው የወጡ ናቸው።

ገንዘቡ መጀመሪያውኑ ለምን ይቀነሳል?

የተጎዳ ጡረተኛ ገንዘብ የሚመጣለት ከሁለት ካዝና ነው። የጡረታ ደመወዙን የሚከፍለው መከላከያ ነው፤ ክፍያውን የሚያከናውነው ደግሞ ዲፋስ የሚባለው የሒሳብ መሥሪያ ቤቱ ነው። ይህ ገንዘብ እንደ ማንኛውም ደመወዝ የፌዴራል ገቢ ግብር ይከፈልበታል። በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ የሚከፍለው ደግሞ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪኤ የምንለው ነው። ይህኛው ከግብር ነጻ ነው።

ከ1891 ጀምሮ የጸና አንድ መርሕ ሁለቱን ደርቦ መቀበልን ይከለክላል። ከቪኤ አንድ ዶላር የተቀበለ ሰው ከጡረታው አንድ ዶላር ይቀነስበታል። የቪኤው ገንዘብ ግብር ስለሌለበት ጡረተኛው በፈቃዱ ይህን ያህል ጡረታ ይተዋል፤ ሆኖም በተግባር የጉዳት ካሳውን በገዛ ጡረታው እየከፈለ ይኖራል ማለት ነው። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ጡረታ ላገለገሉበት ዘመን የሚከፈል ነው፤ ካሳ ደግሞ ለጎደለ አካል ነው። አንዱ የሌላው ማካካሻ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ኮንግረስ ይህን በከፊል ያረመው በ2003 እና በ2004 ነው። ልዩ ካሳ በ2003 አጋማሽ፣ ጣምራ ክፍያ በጥር 2004 ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ በቪኤ ምክንያት ከጡረታ የተቀነሰውን መመለስ። ማን እንደሚያገኛቸው፣ ምን ያህል እንደሚመልሱና የመለሱት ገንዘብ ግብር ይከፈልበት እንደሆነ ስንጠይቅ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

በሮቹ ለማን ይከፈታሉ?

ጣምራ ክፍያ የሚገባው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ጡረታ ለወጣና ቪኤ የጉዳት መጠኑን 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ላደረገለት ሰው ነው። የተጠባባቂ ጦር ጡረተኛ የሚያገኘው የጡረታ ደመወዙ ሲጀምር፣ ብዙውን ጊዜ በ60 ዓመቱ ነው። ጉዳቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በውጊያም ይድረስ በእግር ኳስ ሜዳ ለውጥ የለውም። ማመልከቻም አያስፈልገውም፤ ዲፋስ ከቪኤ መረጃውን ተቀብሎ ራሱ ይጀምረዋል። ክፍያው በአሥር ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያደገ መጥቶ ከጥር 2014 ወዲህ የተቀነሰውን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። የሚመለሰው ግን ያው የጡረታ ደመወዝ ስለሆነ ግብር ይከፈልበታል።

ልዩ ካሳ ከውጊያ ወይም ከውጊያ ዝግጅት ጋር የተያያዘ ጉዳት ላለበት ጡረተኛ ነው። ዝቅተኛው መጠን 10 በመቶ ብቻ ነው። ከጥር 2008 ጀምሮ ሃያ ዓመት ሳይሞሉ በጤና ምክንያት ጡረታ የወጡትንም ያካትታል። ከግብር ነጻ ነው። የሚሰላው ግን ከውጊያ ጋር በተያያዘው መቶኛ ብቻ ነው፤ ከተቀነሰው ጡረታም ሊበልጥ አይችልም። የሚወስነው ቪኤ ሳይሆን ያገለገሉበት የጦር ክፍል ራሱ ነው። ደግሞም ካላመለከቱ በፍጹም አይመጣም።

አንድ ሰው በአንድ ወር ሁለቱንም መቀበል አይችልም።

ከዚህ እንደሚታየው እውነተኛ ምርጫ ያለው ሃያ ዓመት የሞላው፣ ቪኤ 50 እና ከዚያ በላይ የሰጠውና ከጉዳቶቹ ቢያንስ አንዱ ከውጊያ ጋር የተያያዘ ሰው ነው። የቪኤ መጠኑ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሆነ ጡረተኛ ያለው በር ልዩ ካሳ ብቻ ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው በጤና የወጣም እንዲሁ። በመግቢያዬ ያነሳሁት ወዳጄ 40 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ ጣምራ ክፍያን ሲጠብቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችል ነበር። እንዲህ ላለው ሰው ጥያቄው «የትኛውን ልምረጥ» ሳይሆን «አመልክቻለሁ ወይ» ነው።

እዚህ ላይ አስተዳደጋችን የሚጎዳን ይመስለኛል። «ዝም አይነቅዝም» ተብለን አድገናል፤ ስለ ራስ ቁስል መናገር፣ ከመንግሥት ደጅ ቆሞ መጠየቅ ይከብደናል። ነገር ግን እነዚያው አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ልዩ ካሳ የዚህኛው ምሳሌ ጉዳይ ነው።

ስሌቱ፦ አንድ ሰው፣ ሦስት ታሪክ

ምርጫው ያለዎት ከሆነ ይህን ክፍል ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚገኘውም እዚህ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። የቪኤ መቶኛዎች እንደ ተራ ቁጥር አይደመሩም። 50 በመቶ የተጎዳ ሰው ጤነኛ ተብሎ የሚቆጠርለት ቀሪው 50 ነው፤ ቀጣዩ ጉዳት የሚሰላው ከዚያ ቀሪ ላይ ነው። ስለዚህ 50 እና 30 ሲጣመሩ 80 አይሆኑም፤ 65 ሆነው ወደ 70 ይጠጋሉ።

አሁን በወር 2,400 ዶላር ጡረታ ያለውን የሃያ ዓመት ወታደር እንውሰድ። ቪኤ ለአእምሮ ጭንቀት፣ ማለትም ለፒቲኤስዲ 50፣ ለጉልበቱ 30፣ ለጆሮው ጩኸት 10 በመቶ ሰጥቶታል። ሲጣመሩ 70 በመቶ ይሆናሉ፤ የቪኤ ካሳው በወር 1,759 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነው። ከጡረታው የሚቀነሰውም ይኸው ነው፤ የሚቀረው 640 ዶላር ከ81 ሳንቲም ይሆናል። ጣምራ ክፍያ ቢወስድ የተቀነሰው 1,759 ዶላር ከ19 ሳንቲም ሙሉ ይመለስለታል፤ ነገር ግን ግብር አለበት።

በመጀመሪያው ታሪክ ሦስቱም ጉዳቶች ከውጊያ ጋር የተያያዙ ናቸው። ልዩ ካሳውም 1,759 ዶላር ከ19 ሳንቲም ይሆናል፤ ከጣምራ ክፍያ ጋር ሳንቲም ሳይዛነፍ እኩል ነው። ብዙ ሰው «እኩል ከሆነማ ለምን እደክማለሁ» ብሎ የሚተወው እዚህ ነው። ስህተቱ ግብሩን መርሳቱ ነው። በ12 በመቶ የግብር እርከን ላይ ያለ ሰው ልዩ ካሳን በመምረጡ በወር 211 ዶላር፣ በዓመት ከ2,500 ዶላር በላይ እጁ ላይ ይቀራል። በ22 በመቶ እርከን ላይ ከሆነ በዓመት 4,644 ዶላር ይተርፈዋል። ይህ የአንድ ልጅ የኮሌጅ መጻሕፍትና የትራንስፖርት ወጪ ነው፤ እናት ዘንድ ቢላክ ደግሞ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን።

በሁለተኛው ታሪክ ጭንቀቱና የጆሮው ጩኸት ከውጊያ የመጡ ናቸው፤ ጉልበቱ ግን ቅርጫት ኳስ ሲጫወት የተጎዳ ነው። 50 እና 10 ተጣምረው 55፣ ወደ 60 ይጠጋሉ። ልዩ ካሳው 1,395 ዶላር ከ93 ሳንቲም ይሆናል። ከጣምራ ክፍያ በ363 ዶላር ያንሳል። ላይ ላዩን ሲታይ ጣምራው አሸናፊ ነው። ግብሩን እንቀንስና እንየው። በ12 በመቶ እርከን ከጣምራው እጁ የሚገባው 1,548 ዶላር ነው፤ አሁንም ጣምራው በ152 ዶላር ይበልጣል። በ22 በመቶ እርከን ግን ከጣምራው የሚተርፈው 1,372 ዶላር ይሆናል፤ ልዩ ካሳው በ24 ዶላር ገደማ አልፎታል። ሰውየው ያው፣ ጉዳቱም ያው ነው፤ መልሱን የቀየረው ሁለተኛ ሥራውና የባለቤቱ ገቢ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ታሪክ ጉልበቱ የተጎዳው በፓራሹት ዝላይ፣ ጆሮው በጦር መሣሪያ ድምፅ ነው፤ ጭንቀቱ ግን ከውጊያ ጋር ያልተያያዘ ሆነ። 30 እና 10 ተጣምረው 37፣ ወደ 40 ይጠጋሉ። ልዩ ካሳው 774 ዶላር ከ16 ሳንቲም ብቻ ነው። እዚህ ላይ የትኛውም የግብር እርከን አያድነውም፤ ጣምራ ክፍያን ይዞ ይቆይ።

የራስዎን ለማወቅ አጭር መንገድ አለ። የልዩ ካሳውን መጠን ከጡረታዎ በተቀነሰው ገንዘብ ያካፍሉት፤ ውጤቱን ከአንድ ይቀንሱ። በሁለተኛው ታሪክ 0.206 ይመጣል፤ ማለትም 20.6 በመቶ ነው። ከገቢዎ በመጨረሻዋ ዶላር ላይ የሚከፍሉት የፌዴራልና የክፍለ ግዛት ግብር መቶኛ ድምር ከዚያ ከበለጠ ልዩ ካሳ፣ ካነሰ ጣምራ ክፍያ ይሻልዎታል።

የክፍለ ግዛቱን ግብር በጥንቃቄ ያስገቡት። ቴክሳስና ኔቫዳ የገቢ ግብር የላቸውም፤ ዋሽንግተን ስቴትም በደመወዝና በጡረታ ላይ አይጥልም። ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ እስከ 40,000 ዶላር የሚደርስ ወታደራዊ ጡረታን ከገቢ ግብር ነጻ አድርጋለች፤ በምሳሌያችን ያለው ሰው ዓመታዊ ጡረታው 28,800 ስለሆነ እዚያ ቢኖር የሚጨመርበት የለም። ለፌዴራሉ ደግሞ በ2025 የ22 በመቶው እርከን የሚጀምረው ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ላላገባ ሰው ከ48,475፣ ግብራቸውን አብረው ለሚያስታውቁ ባለትዳሮች ከ96,950 ዶላር በላይ ነው። ጡረተኛው ሌላ ሥራ ይዞ፣ ባለቤቱም ነርስ ሆና የምትሠራ ቤተሰብ በቀላሉ ይደርስበታል።

ጠቅልለው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ለገቡትም አንድ ቃል። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር የጡረታ ደመወዙ የአሜሪካ ግብር ይከተለዋል፤ በውጭ ሀገር ለተሠራ ሥራ የሚሰጠው የግብር ነጻነት ጡረታን አይጨምርም። ልዩ ካሳ ግን እዚያም ከግብር ነጻ ነው።

«ከውጊያ ጋር የተያያዘ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎች በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሳሳታሉ። አንዳንዱ «ፐርፕል ኸርት ሜዳሊያ የለኝም፤ አይመለከተኝም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኢራቅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ሁሉም ይቆጠርልኛል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ሕጉ የሚጠይቀው የጉዳቱን መነሻ ነው። በጠላት ጥይት ወይም ፈንጂ የደረሰና ፐርፕል ኸርት ያሰጠ ቁስል ግልጽ ነው። ከእርሱ ሌላ አራት መንገዶች አሉ። አንደኛው በውጊያ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ሁለተኛው አደገኛ ግዳጅ ነው፤ የፓራሹት ዝላይ፣ ፈንጂ ማምከን፣ በረራ፣ የባሕር ጠላቂነት። ሦስተኛው ጦርነትን የሚመስል ልምምድ ነው፤ በእውነተኛ ጥይት የሚደረግ ልምምድ፣ የጨበጣ ውጊያ ሥልጠና፣ በገመድ መውረድ። አራተኛው በጦርነት መሣሪያ ወይም ቁስ የመጣ ጉዳት ነው፤ የታንክና የሃምቪ አደጋ፣ የመድፍ ድምፅ ያበላሸው ጆሮ፣ በቬትናም ዘመን የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለ ኬሚካል።

ስለዚህ ባግዳድ ካምፕ ውስጥ ኳስ ሲጫወት የተሰበረ ጉልበት አይቆጠርም፤ ሰሜን ካሮላይና ፎርት ብራግ ላይ ከአውሮፕላን ሲዘል የተሰበረ ጉልበት ግን ይቆጠራል። ቦታው ጦር ሜዳ መሆኑ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሰላማዊ ሀገር መሆኑም አያስቀርም። የጠዋት ሩጫና የስፖርት ጉዳትም በዝግጅት ስም አይገባም።

ከውጊያ ጉዳት የተነሳ ተከታይ ሕመምም አብሮ ሊታይ ይችላል፤ ለዚህ ግን ቪኤ በውሳኔው «የዚህ ጉዳት ተከታይ ነው» ብሎ ጽፎት መገኘት አለበት።

ስለ ጭንቀት ሳልናገር አላልፍም። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሌሊት እየባነነ የሚነሳን ሰው «ነርቭ ነው»፣ «መንፈስ ነው» ብሎ መሸፋፈን የተለመደ ነው። በፋሉጃ ወይም በካንዳሃር የሞተ ጓዱን ተሸክሞ ያወጣ ሰው ሕመሙን ሕመም ብሎ መጥራቱ ነውር አይደለም። በማመልከቻው ላይም የሚፈለገው የሕመሙ ስም ብቻ አይደለም፤ ክስተቱ ነው። የትኛው ወር፣ የትኛው ክፍል፣ ምን ደረሰ፣ ማን አየ። የውጊያ ተሳትፎ መለያ ባጅ ካለዎት፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀቱ ላይ ክስተቱ ከተጻፈ፣ ያ ወረቀት ከአሥር ገጽ የሐኪም ማስታወሻ ይበልጣል።

ሃያ ዓመት ሳይሞሉ በጤና ለወጡ

ከወገኖቻችን መካከል በዚህ ምድብ የሚገኙት ጥቂት እንዳልሆኑ እገምታለሁ። በ2008 መጨረሻ የታወጀውና እስከ 2016 አዲስ ሰው የተቀበለው ማቭኒ የተባለ ፕሮግራም አማርኛን ጨምሮ የተመረጡ ቋንቋዎችን የሚናገሩ፣ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ገና ያላገኙ ስደተኞችን ወደ ጦሩ ያስገባ ነበር። በዚያ በር በ2009 የገባ ሰው እንኳ ሃያ ዓመት የሚሞላው በ2029 ነው። ከእነርሱ መካከል ዛሬ ጡረተኛ የሆነ ካለ፣ የወጣው በጉዳት ነው ማለት ነው።

ለእርሱ ጣምራ ክፍያ የለም። ልዩ ካሳ አለ፤ ነገር ግን ጣሪያ አለው። ጣሪያው ላገለገለባቸው ዓመታት ብቻ ሊያገኝ ይችል የነበረው ጡረታ ነው። ምሳሌ ልስጥ። ስምንት ዓመት ያገለገለ፣ ለጡረታ የሚታሰበው አማካይ ደመወዙ 3,400 ዶላር የሆነ ወታደር በጦሩ ሐኪሞች 60 በመቶ ተብሎ በ2,040 ዶላር ጡረታ ወጣ። ቪኤ ደግሞ 80 በመቶ ሰጠው፤ 2,044 ዶላር ከ89 ሳንቲም። ጡረታው ሙሉ በሙሉ ተበላ፤ ዜሮ። ከውጊያ ጋር የተያያዘው ጉዳቱ 70 በመቶ ቢሆንና ሠንጠረዡ 1,759 ዶላር ቢያሳይም፣ የዓመታቱ ጡረታ ስምንት ጊዜ 2.5 በመቶ፣ ማለትም የ3,400 ሃያ በመቶ፣ 680 ዶላር ነው። ልዩ ካሳው ከ680 አይበልጥም።

ይህ ያማል። ሃያ ዓመት የሞላው ጓዱ ሙሉውን ሲያገኝ፣ በፈንጂ ምክንያት ዘመኑ የተቆረጠበት ወጣት ከፊሉን ብቻ ያገኛል። ይህን ለማረም የሜጀር ሪቻርድ ስታር ሕግ የተባለ ረቂቅ በኮንግረስ ተደጋግሞ ቀርቧል፤ በ2025 ገና ረቂቅ ነበር። ሆኖም 680 ዶላር በዓመት 8,160 ዶላር ነው፤ ግብርም የለበትም። ጣሪያ አለው ተብሎ የሚተው ገንዘብ አይደለም። ሃያ ዓመት ሞልቶት በጉዳት ጡረታ የወጣ ሰው ግን ጣምራ ክፍያም ይገባዋል፤ እርሱም እንዲሁ በዓመታቱ ጡረታ ልክ ይወሰናል።

ፍቺ ያለበት ቤት

ጣምራ ክፍያ ጡረታ ስለሆነ ፍርድ ቤት እንደ ጋራ ንብረት ሊያካፍለው ይችላል። ልዩ ካሳ ጡረታ ስላልሆነ አይካፈልም፤ ለልጅ ማሳደጊያና ለቀለብ ግን ሊያዝ ይችላል። ከጡረታዎ ድርሻ የተፈረደላቸው የቀድሞ ባለቤት ካሉ፣ ወደ ልዩ ካሳ ሲዞሩ የእርሳቸው ድርሻ ይቀንሳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 በካሳ ምክንያት የተቀነሰውን ጡረታ የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ባልየው እንዲተካ ሊያዝዝ አይችልም ብሏል። ይህን ተጠቅሞ የልጆችን እናት ባዶ እጇን ማስቀረት ግን እኔ የምመክረው አይደለም፤ በዘመቻው ዘመን ቤቱን ብቻዋን የያዘችው እርሷ ነበረች። ምርጫውን ከመቀየርዎ በፊት የፍቺ ስምምነቱን ይዘው ወታደራዊ ጡረታን የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

ማመልከቻውና ያለፈው ዘመን ገንዘብ

ቅጹ ዲዲ 2860 ይባላል፤ ክፍያ የለውም። የሚላከው ወዳገለገሉበት ክፍል ነው፤ የምድር ጦሩ ኬንታኪ ፎርት ኖክስ፣ የአየር ኃይሉ ሳን አንቶኒዮ ራንዶልፍ፣ የባሕር ኃይሉና የማሪን ጓዱ ዋሽንግተን ያዩታል። ከላኩት ጋር ዲዲ 214 የተባለውን የስንብት ወረቀትዎን፣ የቪኤን የውሳኔ ደብዳቤዎች በሙሉ፣ የእያንዳንዱን ጉዳት መለያ ቁጥር የያዘውን ገጽ ጭምር፣ እንዲሁም ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ የተጻፈ የሕክምና መዝገብ ያያይዙ። ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን። አምስት መቶ ገጽ መዝገብ እንዳለ መላክ አይጠቅምም፤ የሚነበበው ለእያንዳንዱ ጉዳት «ይህ ሕመም፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት» የሚሉት ሁለትና ሦስት ገጾች ናቸው። ቪኤ ጉዳቱ ከአገልግሎት የመጣ ነው ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ የጦር ክፍሉ የራሱን ፍርድ ይሰጣል።

ከተከለከሉ አዲስ ማስረጃ ጨምረው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያም የወታደራዊ መዝገብ እርማት ቦርድ አለ። ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊውና አሜሪካን ሊጅን የመሳሰሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነጻ ያግዛሉ። ከሚያገኙት ካሳ መቶኛ የሚቆርጥ «አማላጅ» ቢመጣብዎ በሩን ይዝጉበት።

ዘግይቻለሁ ብለው የተዉ ሰዎች ደግሞ ይህን ይስሙ። ለብዙ ዓመታት መንግሥት ያለፈውን ዘመን ልዩ ካሳ የሚከፍለው ከማመልከቻው ወደ ኋላ ስድስት ዓመት ብቻ ነበር። ሶቶ የተባለ፣ ኢራቅ ያገለገለና በ2006 በጤና ጡረታ የወጣ የማሪን ወታደር ይህን ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 12 ቀን 2025 በአንድ ድምፅ ፈረደለት፤ የስድስት ዓመቱ ገደብ ለልዩ ካሳ አይሠራም። ቀደም ሲል ተፈቅዶልዎ ክፍያው በስድስት ዓመት የተቆረጠብዎ ከሆነ ዲፋስን በጽሑፍ ይጠይቁ። ጣምራ ክፍያ ሲቀበሉባቸው የቆዩ ወሮች ካሉ ግን ለእነዚያ ድርብ እንደማይከፈል ይወቁ።

ምርጫው ዘላለማዊ አይደለም

ለልዩ ካሳ በማንኛውም ወር ማመልከት ይቻላል፤ ከተፈቀደልዎም ጣምራ ክፍያ ላይ መቆየት መብትዎ ነው። ለዚህ ነው ሃያ ዓመት ለሞላው የተጎዳ ጡረተኛ ሁሉ ስሌቱ ዛሬ ባይጠቅመውም እንዲያመለክት የምለው፤ ሥራ ሲቀይር፣ ባለቤቱ ሥራ ስትጀምር፣ ቪኤ መቶኛውን ሲያሳድግ መልሱ ይገለበጣልና። ሁለቱም የተፈቀደለት ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይርበት ጊዜ ግን በዓመት አንዴ፣ በጥር ወር ብቻ ነው።

ሁለቱም ክፍያዎች ከሰውየው ጋር ያበቃሉ፤ ለሚስት ወይም ለልጅ አይተላለፉም። ለእነርሱ የሚቀረው ኤስቢፒ የተባለው የተተኪዎች ዋስትና ነው፤ ጡረታዎ በተቀናሽ ዜሮ ቢሆን እንኳ ወርሃዊ መዋጮው ከልዩ ካሳው ላይ ሊቆረጥ ስለሚችል እንዳይቋረጥ ያረጋግጡ።

ወዳጄ በመጨረሻ አመለከተ። ከ40 በመቶው ውስጥ 30ው መንገድ ዳር በተጠመደ ፈንጂ የተመታ ወገቡ ነው፤ በ2025 መጠን ወርሃዊ ልዩ ካሳው 537 ዶላር ከ42 ሳንቲም ይሆናል። እርሱ የሚመርጠው ስለሌለ የጥር ወሩ የምርጫ ቅጽ አያስፈልገውም። እርስዎ ግን ሁለቱም የተፈቀደልዎ ከሆነ፣ ዲፋስ የምርጫ ቅጹን በታኅሣሥ መጨረሻ ይልካል፤ ከበዓሉ ማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ይመጣልና አብሮ እንዳይጣል። ለመቀየር ከፈለጉ ፈርመው እስከ ጥር 31 እንዲደርሳቸው ያድርጉ። ባሉበት ለመቆየት ከወሰኑ ምንም መላክ አያስፈልግም።